ጣሪያ ሠሪውን ከዝናቡ በፊት እንፈትነው

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይላሉ አባቶቻችን። የዚህን አባባል እውነትነት ለመረዳት ከካርቱም ባሻገር፣ ከነጭ ዓባይ ማዶ የምትገኘውን የኦምዱርማንን ከተማ መመልከት ይበቃል።

በከተማዋ ነባር ሠፈሮች ብዙው ቤት «ጃሉስ» ከሚባል የጭቃ ግድግዳ የተሠራ ነው። ጣሪያው በአግዳሚ እንጨትና በሰሌን ላይ ጭቃ ተደልድሎበት የሚሠራ ጠፍጣፋ ነው። ዝናቡ በአብዛኛው ዓመት አነስተኛ ስለ ሆነ የጣሪያ ሠሪው ጉድለት ለረጅም ጊዜ ተሸፍኖ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1988 ግን በአንድ ቀንና ሌሊት 200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ጣለ። ይህም ከተማዋ በመላው ዓመት ከምታገኘው የሚበልጥ ነበር። በዋና ከተማይቱና በአካባቢዋ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ያለ መጠለያ ቀረ።

አደጋው እንዴት ይደርሳል? አሸንዳው ከተደፈነ ውኃው ጣሪያው ላይ ይተኛል። 4 ሜትር በ4 ሜትር በሆነ ክፍል ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እርጥብ ጭቃ ከ25 ኩንታል በላይ ይመዝናል። እንጨቱን ምስጥ በልቶት ከሆነ ይህ ሁሉ ሸክም በተኙ ሕፃናት ላይ ይወርዳል።

በመሆኑም የታመነው ባለሙያ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ወደ ቤት ውስጥ ገብቶ አግዳሚውን በመዶሻ ያንኳኳል፤ የአሸንዳውንም መውረጃ ይመረምራል። አሮጌውን ጭቃ ሳያነሣ በላዩ አዲስ የሚከምር ሰው ሸክም ጨመረ እንጂ ጥገና አላደረገም። ሱዳናውያን «ዚባላ» የሚሉት የጭቃ፣ የጭድና የፍግ ምርጊት ለቀናት ታሽቶና በስብሶ የሚውል ነው፤ ጧት አቡክቶ ቀትር ላይ የሚለስን ባለሙያ ችኩል ነው።

በአገራችን የቆርቆሮ ቤትም ፍተሻው ተመሳሳይ ነው። ምስማሩ ከነጎማው የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፤ ውኃ በሚወርድበት ቦይ ላይ ከተመታ ቤቱ ማፍሰሱ አይቀርም።

ባለቤቷ በግዳጅ ላይ ያለች እኅታችን ከባለሙያው ጋር ብቻዋን ልትዋዋል ትችላለች። ስለዚህ ያለፈውን ክረምት ሳያፈስ የከረመ ጣሪያ ያላቸውን ጎረቤቶች አስቀድማ ትጠይቅ። ዕቃውን ራሷ ትግዛ፤ ውሉን ሁለት ምስክሮች ባሉበት በጽሑፍ ታድርግ። የሥራውንም ዋጋ ከፋፍላ ትክፈል። የመጨረሻው ክፍያ መፈጸም ያለበት በርከት ያለ ባልዲ ውኃ ጣሪያው ላይ ፈስሶ፣ ውኃው በአሸንዳው በኩል ሲወርድና ከውስጥ ጠብታ አለመኖሩ ሲረጋገጥ ነው።

ሐቀኛ ባለሙያ በዚህ ፍተሻ አይቀየምም። መሰላሉን ይዞ ውኃውን አብሮ ያቀብላል። የሚቆጣ ቢኖር ግን ክረምቱ ሳይመጣ ጠባዩን አሳይቷልና ወጪው ሳይበዛ ልናሰናብተው ይገባል።