ተደጋጋሚ የመዋቅር ለውጥ እና የሠራተኞች ጤና

መግቢያ

መሥሪያ ቤቶች መዋቅራቸውን የሚለውጡትና ቢሮዎችን የሚያዋህዱት ወጪ ለመቀነስና አገልግሎትን ለማሻሻል እንደሆነ ይገለጻል። በአገራችንም መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ (ቢፒአር) የጤናውን ዘርፍ ጨምሮ በመንግሥት ተቋማት ተግባራዊ ከሆነ ወዲህ «ድልድል» የሚለው ቃል ለሠራተኛው እንግዳ አይደለም። ሆኖም አንዱ መዋቅር በቅጡ ሳይለመድ ሌላው ሲተካው ችግሩ የአስተዳደር ብቻ ሆኖ አይቀርም።

የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2002 የአካባቢውን የጤና አገልግሎት የሚያስተዳድሩት ተቋማት 303 ነበሩ። በ2006 ተዋህደው 152 ሆኑ፤ በ2013 ፈርሰው በ211 አዳዲስ ተቋማት ተተኩ፤ እነዚህም በ2022 ቀርተው ሥራው ለ42 ቦርዶች ተላለፈ። በሃያ ዓመት ውስጥ ሠራተኛው ሦስት ጊዜ ዕጣ ፈንታውን ሲጠባበቅ ቆየ ማለት ነው።

የጥናት ማስረጃ

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፊንላንድ በኢኮኖሚ ቀውስ ምክንያት የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞቿን ቀንሳ ነበር። በአሥር ከተሞች ከሥራ ያልተሰናበቱ 22,430 ሠራተኞችን የተከታተለውና በ2004 የታተመው ጥናት ትኩረት የሚስብ ውጤት አሳይቷል። የሠራተኛው ቁጥር ከ18 በመቶ በላይ በተቀነሰባቸው ቦታዎች በልብና በደም ሥር በሽታ የሚከሰተው ሞት ቅነሳ ካልተደረገባቸው ጋር ሲነጻጸር ሁለት እጥፍ ገደማ ነበር። የሕመም ፈቃድ በቋሚ ሠራተኞች ላይ ሲጨምር በጊዜያዊ ሠራተኞች ላይ አልጨመረም። ይህ ግን ጊዜያዊ ሠራተኞች ጤናማ ነበሩ ለማለት አያስችልም፤ ውሉ እንዳይቋረጥበት የሚሰጋ ሰው ታምሞም ሥራ ይገባልና።

ጉዳቱ የሚደርስበት መንገድ

ዋናው ምክንያት እርግጠኛ አለመሆን ነው። ሰው የሚያውቀውን ችግር ለመቋቋም ይዘጋጃል፤ መቼና እንዴት እንደሚደርስበት ያላወቀውን ግን ዘወትር በሥጋት ይጠብቃል። ሥጋቱ ሲራዘም አድሬናሊንና ኮርቲዞል በብዛት ይመነጫሉ፤ የደም ግፊት ከፍ ይላል፤ እንቅልፍ ይታወካል። በዚህ ላይ የተሰናበቱት ሰዎች ሥራ በቀሩት ላይ ይደረባል፤ የቆየ የሥራ ባልደረባነትም ይፈርሳል።

የጤና ባለሙያው ድርሻ

እንዲህ ያለ ታካሚ ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው ራስ ምታት፣ የጨጓራ ሕመም፣ የልብ ምት መፍጠን ወይም የእንቅልፍ ማጣት ይዞ ነው። ስለሆነም፦

– የአካል ሕመም መኖር አለመኖሩን በአግባቡ መመርመር፣ የደም ግፊትንም መለካት፤
– «በሥራ ቦታዎ በቅርቡ የተለወጠ ነገር አለ?» ብሎ መጠየቅ፤
– የድባቴ ምልክቶችን፣ የአልኮልና የጫት አጠቃቀምን እንዲሁም ራስን የማጥፋት ሐሳብን መጠየቅ፤
– የሕመም ፈቃድ የሚጠይቅን ሠራተኛ በስንፍና አለመፈረጅ ተገቢ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ መዛልን በዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምድብ ውስጥ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት አድርጎ መዝግቦታል፤ በሽታ ነው ግን አላለም። በመሆኑም መፍትሔው በሐኪም ማዘዣ ብቻ አይገኝም። የጤና ተቋማት ኃላፊዎችም ለውጥ ሲያካሂዱ የጊዜ ሰሌዳውንና የምደባ መስፈርቱን አስቀድመው ማሳወቅ፣ ቅሬታን በወቅቱ መመለስ እና አንዱ ለውጥ ሳይገመገም ሌላ አለመጀመር ይጠበቅባቸዋል። ታካሚን የሚያክመው ሠራተኛ ራሱ በሥጋት ሲታመም ጉዳቱ ለታካሚውም ይተርፋል።