መብራት ለእጅም ይታዘዝ

አዲሱን ቤታችንን ጠበል አስረጭተን በገባን ጊዜ፣ መብራቱ ሁሉ በስልክ ብቻ እንዲታዘዝ አድርገን ነበር። አንድ ሌሊት ኢንተርኔት ቢቋረጥ፣ ለጸሎት የተነሡት እናታችን በጨለማ ግድግዳውን ሲዳብሱ አግኝተናቸው እጅግ አዘንን።

ስለዚህ ቤት የምትሠሩ ወገኖቻችን ሆይ፤ በእጅም በስልክም የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ አስገቡ። ብዙው ዓይነት ኒውትራል የሚባለውን ሽቦ ስለሚሻ፣ ግድግዳው ሳይለሰን በየሳጥኑ ይዘርጋ፤ እኛ ዘግይተን ልስኑን አስፈልፍለናል። ዕቃውም በ2015 ዓ.ም. የወጣውን ማተር የተሰኘ ዓለም አቀፍ ደንብ የሚከተል ቢሆን፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥም በቤቱ የውስጥ መረብ ሊታዘዝ ይችላል።

አሁን እናታችን ሌሊት ሲነሡ መብራቱን በገዛ እጃቸው ያበራሉ። ቤትን ማዘመን መልካም ነው፤ ነገር ግን አረጋዊውና ሕፃኑ የሚቸገሩበት ቤት ገና ተሠርቶ አላለቀም።