ልጆችን ይዞ ወደ አዞ ማርቢያው ስለ መውረድ

ከሴቻ ጫፍ ላይ ቆሞ ፊቱን ወደ ምሥራቅ የመለሰ ሰው ሁለት ሐይቆችን ባንድ ጊዜ ያያል። በስተ ሰሜን ያለው አባያ ወንዞች ከሚያወርዱበት ደለል የተነሣ ቀላ ያለ ቡናማ መልክ አለው፤ በስተ ደቡብ ያለው ጫሞ ግን ወደ ሰማያዊነት ያደላል። በመካከላቸው የተጋደመውን ኰረብታ ሕዝቡ የእግዜር ድልድይ ይለዋል። ይህን አገር በየማለዳው ከደጃፋቸው እያዩ የሚያድጉት የሴቻ ልጆች ብዙ ናቸው። ነገር ግን በመጽሐፋቸው ላይ የተሣለውን አዞ ከሕይወተኛው አዞ ጋር አስተያይተው ያወቁት ስንቶቹ እንደ ሆኑ ማንኛውም መምህር በክፍሉ ውስጥ እጅ አስወጥቶ ቢጠይቅ መልሱን ወዲያው ያገኘዋል።

በአዲስ አበባ የሚኖሩ ቤተ ሰቦች ልጆቻቸውን አውሬ ለማሳየት ሲሹ ለብዙ ዘመን የሚወስዷቸው በ1940 ዓ. ም. ገደማ ወደ ተቋቋመው ወደ ስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ ነበር። በ2005 ዓ. ም. የታተመ አንድ የሳይንስ ጥናት እንዳስረዳው እነዚያ ባለ ጥቁር ጋማ አንበሶች በዘራቸው እስከዚያ ከተመረመሩት ከሌሎች አንበሶች የተለዩ ሆነው ተገኝተዋል። በ2012 ዓ. ም. ደግሞ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ የአንድነት ፓርክ ከነአራዊቱ ለሕዝብ ተከፈተ። ይሁን እንጂ ከሴቻ ተነሥቶ አዲስ አበባ ለመድረስ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር የበለጠ መንገድ አለ፤ አምስት ልጆች ላሉት ደመወዝተኛ ይህ የአንድ ቀን ሽርሽር ሊባል አይችልም። እኛ የአርባ ምንጭ ሰዎች ግን ሌላው አገር አቋርጦ የሚመጣለትን ነገር በእጃችን ይዘነዋል፤ ይኸውም በአባያ ሐይቅ አጠገብ የሚገኘው የአዞ ማርቢያ ነው።

ማርቢያው የተቋቋመው ለቆዳ ንግድ ነው። ነገር ግን ለልጅ ትምህርት ቤት ሆኖ ሊያገለግል ይችላል፤ አዞዎቹ በዕድሜያቸው ተለያይተው በየጉድጓዳቸው ስለሚቀመጡ፣ ሕፃኑ የክንድ ግማሽ የሚያህለውን ጫጩትና ከሰው ቁመት የሚበልጠውን በአንድ ዙር ሊያይ ይችላልና። መምህራን ከመሄዳቸው በፊት ለልጆቹ ሊነግሯቸው የሚገባ ጥቂት ነገር አለ። የአዞ እንቍላል ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው በተቀበረበት አሸዋ ሙቀት ነው፤ ሙቀቱ መካከለኛ ሲሆን ወንድ፣ ከዚያ ዝቅ ሲል ወይም እጅግ ሲበልጥ ሴት ይፈለፈላል። እናቲቱ ሦስት ወር ያህል ጎጆዋን ስትጠብቅ ትቈያለች፤ ጫጩቶቹ ከዛጎላቸው ውስጥ ሆነው ሲጮኹ ትሰማና አሸዋውን ቆፍራ በአፏ ይዛ ወደ ውሃ ትወስዳቸዋለች። ያ ሁሉ ጥርስ ባለበት አፍ አንድም ጫጩት ሳይጐዳ መድረሱን የሰማ ልጅ፣ አውሬውን ከመፍራት በቀር ሌላ ነገር ሊያስብ ይጀምራል።

አሁን ወደ ዝግጅቱ እንለፍ። ለመውጣት የተመረጠው ቀን ለእናቲቱም የዕረፍት ቀን መሆን አለበት ብለን እናምናለን። በብዙ ቤት እንደሚታየው አባትና ልጆች ሊዝናኑ እናት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ ወጥ የምትሠራ፣ እንጀራ የምትጠቀልል፣ ሲመለሱም እስከ እኩለ ሌሊት ዕቃ የምታጥብ ከሆነች፣ ያ ቤተ ሰብ የወጣው እናቱን ትቶ ነው። ደግነቱ ለጤና የሚስማማው ምግብ ለመሥራትም ቀላል ነው። ዳቦ፣ ቆሎ፣ ከነልጣጩ የተቀቀለ ድንች፣ በማለዳ የተቀቀለና ያልተላጠ እንቍላል፣ ያገራችን ሙዝ ይበቃል። ሙዝን ፈጣሪ በራሱ መጠቅለያ ያሸገው ምግብ ነው፤ የታጠበ እጅ ብቻ ይፈልጋል።

በዕቃ ታሽጎ ከሚሄደው ምግብ መካከል የምንሰጋው ለሥጋ ወጥ፣ ለወተትና ለዓሣ ነው። የበሰለ ምግብ ከእሳት ከወረደ በኋላ ከሁለት ሰዓት በላይ ለብ ብሎ ከቈየ ተሕዋስያን ይራቡበታል፤ አየሩ እንደ አርባ ምንጭ ቀትር ከሠላሳ ሁለት ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ማቈየት አይገባም። ከሴቻ በጧት የወጣ ወጥ ስድስት ሰዓት ላይ ሲከፈት ሽታውም ጣዕሙም ደኅና ሊሆን ይችላል፤ ከዚህ የተነሣ ነው ብዙ ሰው የሚታለለው። ዓሣ የሚወድ ቤተ ሰብ (አርባ ምንጭ መጥቶ ዓሣ የማይወድ ማን አለ?) ከምግብ ቤት ገብቶ ዐይኑ እያየ ተጠብሶ ሲወጣ ትኩሱን ይብላ፤ ለልጆች ግን ውስጡ በደንብ ያልበሰለውን አይስጥ።

ውሃውን ከቤት አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ክዳን ባለው ጀሪካን መያዝ ከሁሉ ይሻላል። ከተማችን ስሟን ያገኘችው ከገደሉ ሥር ከሚፈልቁት ምንጮች መሆኑ የታወቀ ነው፤ ውሃቸውም ሲያዩት የጠራ ነው። ነገር ግን ጥራት ለዐይን አንድ ነገር ነው፣ ለጤና ሌላ ነገር ነው፤ ሰውና ከብት ከደረሰበት ወራጅ ውሃ ሕፃን በእፍኙ ቢጠጣ ተቅማጥ ሊይዘው ይችላል። ለዚህም የሕይወት አድን ንጥረ ነገር አንድ ሁለት ከረጢት በቦርሳ መያዝ ክብደት አይሆንም፤ አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። ከረጢቱ ባይገኝ በአንድ ሊትር የፈላ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ጥቂት በጥቂት ማጠጣት ነው። ጨውን ከዚህ ማብዛት ሕፃኑን ይጐዳል።

በማርቢያው ውስጥ ስላለው ጥንቃቄ ጠንከር አድርገን መናገር እንወዳለን። በግንቦት 20 ቀን 2008 ዓ. ም. ከአሜሪካ ከተሞች በአንዷ በሲንሲናቲ አንድ የሦስት ዓመት ሕፃን አጥር አልፎ ጎሪላ ወዳለበት ጉድጓድ ወደቀ። ሕፃኑ ቢተርፍም ጎሪላው በጥይት ተገደለ። አጥሩ ለብዙ ዓመታት ሰው ያላሳለፈ ነበር፤ ሕፃኑ ከእናቱ እጅ የራቀውም ለጥቂት ደቂቃ ነበር። አባቶች ልጃቸው አሻግሮ እንዲያይ ሲሉ በግንቡ ላይ ማስቀመጥ ወይም በትከሻ ተሸክመው ወደ ውስጥ ማዘንበል ልማድ አላቸው። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። አዞው የሞተ ግንድ መስሎ የሚተኛው ስለ ሰነፈ አይደለም፤ ጕልበቱን ለአንዲት ቅጽበት እያጠራቀመ ነው። በድንጋይ ወይም በእንጨት እንዲነቃነቅ መወርወርም ነውር ነው፤ ልጁ ያን የሚማረው ከትልቅ ሰው ነውና።

ትናንሾቹን አዞዎች ጠባቂው አንሥቶ ሲያስነካ ልጆች በደስታ ይጮኻሉ። መንካቱን አንከለክልም። ዳሩ ግን እንደ አዞ፣ እንደ ኤሊ፣ እንደ እንሽላሊት ያሉ ፍጥረቶች ራሳቸው ሳይታመሙ ሳልሞኔላ የተባለውን ተሕዋስ በቆዳቸው ላይ ሊይዙ ይችላሉ። የነካው እጅ ወዲያው ወደ አፍ ወይም ወደ ሙዝ ከሄደ ትኩሳትና ተቅማጥ ይከተላል፤ ከአምስት ዓመት በታች ባሉት ላይ ይበረታል። በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን ያየናቸው የአራዊት ማሳያዎች በመውጫው በር ላይ የልጅ ቁመት የሚመጥን ቧንቧና ሳሙና ነበራቸው። የኛ ቤተ ሰብ ቧንቧውን በጀሪካን ይዞ ይሂድ፤ ሳሙናውን በመሐረብ ቋጥሮ ለትልቁ ልጅ አደራ ይስጠው። አደራ የተሰጠው ልጅ ከአባቱ ይልቅ ጥብቅ ተቈጣጣሪ ይሆናል።

ከማርቢያው ወጥተው ወደ ሐይቁ ዳር ለመውረድ የሚሹ አሉ። አደጋው ያለው ከዚህ ላይ ነው። በግንቦት 26 ቀን 2010 ዓ. ም. በዚሁ በአባያ ሐይቅ ዳር ምእመናንን ሲያጠምቁ የነበሩ አንድ ፓስተር ከውሃው በወጣ አዞ ተይዘው ሞተዋል። ሰማንያ ያህል ሰው በተሰበሰበበት፣ በቀን ብርሃን የሆነ ነገር ነው። ስለዚህ ብዙ መሆን ወይም መጮኽ አያድንም፤ የሚያድነው ከውሃው መራቅ ነው። ልጅ እጁን ለመታጠብም ሆነ ኳስ ለማንሣት ወደ ዳሩ አይውረድ። ጫሞ ላይ በጀልባ ሆኖ የአዞ ገበያ ወደሚባለው ስፍራ መሄድ ለትልቅ ሰው ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ በኛ አስተያየት ግን ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ በዳር ይቅር፣ የሚሳፈረውም በልኩ የሆነ የመንሳፈፊያ ልብስ ይልበስ። ልብሱ ከሌለ ጀልባው ይቅር። ጉማሬም ቢሆን ሣር በል ነው ተብሎ አይናቅ፤ ማታ ወጥቶ ሲግጥ አድሮ በንጋት ሲመለስ በእርሱና በውሃው መካከል የቆመውን አይምርም።

ውሃ ውስጥ መንቦራጨቅ የሚከለከለው ስለ አዞ ብቻ አይደለም። የቢልሃርዝያ ትል በቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ወደ ውሃው ይወጣና የሰውን ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ልጁ የሚሰማው ምናልባት ትንሽ ማሳከክ ነው። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1957 ዓ. ም. ገደማ በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውና ከዚያ ተነሥተው ያደረጉት ምርምር በዓለም የታወቀ ነው። መምህራን ይህን ታሪክ በመንገድ ላይ ቢያጫውቱ ልጆቹ ውሃ ዳር የሚያዩትን ቀንድ አውጣ በሌላ ዐይን ይመለከቱታል።

በምንጮቹ ደን የሚያልፉ ቤተ ሰቦች ደግሞ ከዝንጀሮና ከጦጣ ጋር መገናኘታቸው አይቀርም። ሙዝ እየቈረሱ መስጠት ደግነት ይመስላል። ነገር ግን የለመደ ዝንጀሮ በማግሥቱ ከሌላው ሕፃን እጅ ነጥቆ ይበላል፣ ሲከለከልም ይነክሳል። የነከሰው ወይም የቧጨረው ዝንጀሮ ይሁን ውሻ፣ ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለዐሥራ አምስት ደቂቃ ማጠብና ያኑ ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውምና። ቍስሉን በቡና ዱቄት ወይም በቅጠል መድፈን ጊዜ ከማባከን በቀር አይረባም።

ከሴቻ ወደ ሲቀላ ቍልቍል በሚወርደው መንገድ ሦስት ሰው ለሚይዝ ባጃጅ ሰባት ነፍስ መጫን እንደ ቍጠባ ይቈጠራል። እኛ ሁለት ባጃጅ ይከፈል እንላለን። መምህር ተማሪዎቹን በዐሥር በዐሥር ከፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ትልቅ ሰው ያቁም፤ ከመኪና ሲወርዱ፣ ከማርቢያው ሲወጡ፣ ከምግብ በኋላና ለመመለስ ሲሳፈሩ ይቍጠራቸው። ስሙን በትክክል መናገር የማይችለው ሕፃን ኪስ ውስጥ የአባቱ ስምና የስልክ ቍጥር የተጻፈበት ወረቀት ይግባ።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ከጧቱ አንድ ሰዓት ተነሥቶ ማርቢያውን ጥላ ሳለ ማየት፣ በቀትር ከዛፍ ሥር ማረፍ፣ ከዐሥራ አንድ ሰዓት በፊት ቤት መግባት ይሻላል። ትልቁ ምክንያት የወባ ትንኝ ነው፤ የምትናከሰው በአብዛኛው ከምሽት እስከ ንጋት ነውና፣ ይልቁንም ከዝናቡ ወራት ቀጥሎ በቈላው ትበዛለች። ያመሸ ቤተ ሰብ ልጆቹን እጅጌና እግሩ ረዥም ልብስ ያልብሳቸው፤ ሌሊቱንም በአጐበር ሥር ያስተኛቸው። ወባ በተነከሱበት ማግሥት አይታይም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ቈይቶ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት ወይም ትውከት ሲጀምረው ወላጆች ሽርሽሩን ረስተውታል፤ ብርድ መታው ብለው በቤት ያቈዩታል። ስለዚህ የሄዱበትን ቀን ከግድግዳው ቀን መቍጠሪያ ላይ ምልክት ያድርጉበት፤ ልጁ ቢያተኵስ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ወስደው ደሙን ያስመርምሩ፤ በየትኛው ቀን ወደ ሐይቁ ወርዶ እንደ ነበረም ለሐኪሙ ይንገሩ።