ከጤና ጣቢያ ወደ ክልል ምክር ቤት፦ የጃናሞራ ነርስ ብትወዳደር

ምርጫ በቀረበ ቁጥር በገጠር ወረዳዎች ለዕጩነት የሚታሰቡት በአብዛኛው የወረዳ ሹማምንት፣ መምህራንና የፓርቲ ሰዎች ናቸው። የነርስ ስም እምብዛም አይነሳም። ነገሩ ያስገርማል፤ ጃናሞራን በመሰለ ተራራማ ወረዳ የየቤቱን ችግር በቅርብ የሚያይ የመንግሥት ሠራተኛ ቢፈለግ የጤና ባለሙያን የሚቀድም አይገኝም። ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ያመጡ ጎረቤቶች፣ ልጁ የከሳበት አባት፣ የጤና መድን መታወቂያውን ሳያሳድስ የታመመ ገበሬ፣ ሁሉም መጨረሻ ላይ የሚቆሙት ሲስተሯ ፊት ነው።

እንግዲህ ከጃናሞራ ዋና ከተማ ከመካነ ብርሃን ወይም ከዙሪያው ቀበሌዎች አንዲት ነርስ ለአማራ ክልል ምክር ቤት ልወዳደር ብላ ብትነሳ ምን ይገጥማታል? ብትመረጥስ የምትይዘው ወንበር ምን አቅም አለው? መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ወንበሩን ማወቅ ያስፈልጋል።

ወንበሩ

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 መሠረት የክልል ምክር ቤት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ነው። የአማራ ክልል ምክር ቤት 294 መቀመጫ አለው። ክልሉ ለተወካዮች ምክር ቤት የተመደበለት ደግሞ 138 ነው። ስለዚህ አንድ የፌዴራል ተመራጭ ባለበት በአማካይ ሁለት የክልል ተመራጮች ይኖራሉ፤ የክልሉ ወንበር ለመራጩ ይበልጥ ይቀርባል ማለት ነው። ሌላም ምክንያት አለ። ከዋግ ኽምራ፣ ከአዊና ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞኖች በስተቀር በአማራ ክልል ዞኖች የተመረጠ ምክር ቤት የላቸውም። ደባርቅ የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ብትሆንም በዞን ደረጃ የጃናሞራን ሰው ወክሎ የሚከራከር ተመራጭ የለም። ከወረዳው ምክር ቤት ቀጥሎ የሕዝብ ድምፅ የሚሰማበት ቦታ ባሕር ዳር ነው።

ብዙ ሰው ጤናን የሚያስተዳድረው አዲስ አበባ ያለው ሚኒስቴር ብቻ ይመስለዋል። ሚኒስቴሩ ፖሊሲና ደረጃ ያወጣል። በደረጃው መሠረት በገጠር አንድ ጤና ኬላ እስከ 5 ሺሕ፣ አንድ ጤና ጣቢያ እስከ 25 ሺሕ፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ እስከ 100 ሺሕ ሰው ያገለግላል። ደረጃውን መሬት ላይ የሚያወርደው ግን ክልሉ ነው፤ ሆስፒታል የሚሠራውም፣ ለወረዳዎች በጀት የሚደለድለውም እሱ ነው። ወረዳው በበኩሉ ከተደለደለለት ላይ ደመወዝ ከፍሎ በሚተርፈው መድኃኒትና ነዳጅ ይገዛል። አምቡላንስ ቆሞ የሚውልበት ምክንያት ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚህ ስሌት ውስጥ ነው።

የክልል ምክር ቤት አዋጅ በጤና ጣቢያ ውስጥ ምን እንደሚለውጥ ለማየት በ1990ዎቹ የተደረገውን የጤና ፋይናንስ ማሻሻያ ማስታወስ ይበቃል። ከዚያ በፊት ጤና ተቋማት ከታካሚ የሰበሰቡትን ገንዘብ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ያስገቡ ነበር። ጓንት ቢያልቅ፣ ሲሪንጅ ቢጠፋ የሰበሰቡትን ብር መንካት አይችሉም። የአማራ ክልል ከኦሮሚያና ከደቡብ ጋር ቀድሞ ባወጣው አዋጅ ተቋማቱ ገቢያቸውን እዚያው እንዲጠቀሙበት፣ በቦርድ እንዲመሩና መክፈል ለማይችሉ ድሆች ነፃ ሕክምና የሚሰጥበት ሥርዓት እንዲዘረጋ ተፈቀደ። ሕጉን ያጸደቁት የምክር ቤት አባላት ናቸው፤ ጥቅሙን ያየችው ደግሞ ጓንት ፈልጋ ያጣችው ነርስ ናት።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም እንዲሁ ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ተሁለደሬ፣ ደቡብ አቸፈርና ፎገራ ተመርጠው ነበር። መዋጮ መክፈል ለማይችሉ አባወራዎች ክልሉና ወረዳው ተካፍለው ይከፍላሉ። ስንት ድሃ ቤተሰብ እንደሚሸፈን የሚወሰነው በበጀት ነው፤ በጀቱን የሚያጸድቁትም ምክር ቤቶቹ ናቸው።

ወንበሩ የማይደርስበትም አለ። ከደባርቅ ወደ መካነ ብርሃን የሚወስደው መንገድ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን አቋርጦ ያልፋል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይቷል። ከመዝገቡ ለመውጣት ከተጠየቁት ጉዳዮች አንዱ መንገዱ ከፓርኩ ውጭ አማራጭ እንዲገኝለት ነበር። ስለዚህ ወደ ደባርቅ፣ ከዚያም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ጎንደር የሚላክ የምጥ ታካሚ ጉዳይ ከባሕር ዳር ባሻገር ፌዴራል መንግሥትንም ዩኔስኮንም ይነካል። ይህን ሳትለይ «መንገዱን አስጠርጋለሁ» ብላ የምትቀሰቅስ ዕጩ የማትፈጽመውን ቃል እየገባች ነው።

ወደ ወንበሩ የሚወስደው ደረጃ

በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት መሠረት የመጀመሪያው አገር አቀፍ ምርጫ በ1949 ዓ.ም. ሲካሄድ ለመወዳደር በወረዳው ውስጥ 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት ያስፈልግ ነበር። በዚያ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆነው ገቡ። እሳቸው በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ አዚናራ ደሴት የተጋዙ፣ በኋላም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩ ሰው ነበሩ። በደመወዝ የምትተዳደር የገጠር ነርስ ግን በዚያ መስፈርት ከበሩ አታልፍም ነበር።

ዛሬ የንብረት መስፈርቱ የለም። ዕድሜዋ 21 የሞላ ዜጋ በፓርቲ ወይም በግል መቅረብ ትችላለች። ሆኖም ገንዘብ በሌላ በር ተመልሶ ይገባል። የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ዳኛ፣ ወታደርና ፖሊስ ለመወዳደር ሥራቸውን እንዲለቁ ያስገድዳል፤ ሌላው የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ በውድድሩ ጊዜ ያለ ደመወዝ ፈቃድ እንዲወጣ ይላል። ረቂቁ ሲወጣ ተቃዋሚ ፓርቲዎች አጥብቀው የተከራከሩት በዚህ ነጥብ ላይም ነበር። ዓላማው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለቅስቀሳ እንዳይውል መጠበቅ ነው፤ ተገቢ ነው። ጫናው ግን እኩል አይወድቅም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በበርካታ የመንግሥት ሆስፒታሎች ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት በዋናነት በደመወዝ ምክንያት መሆኑን ላስታወሰ፣ ያለ ደመወዝ የሚያልፉ ወራት ለነርስ ምን እንደሚሆኑ አይጠፋውም። የግል ዕጩ ከሆነች ደግሞ የድጋፍ ፊርማ ለመሰብሰብ ቆላውንና ደጋውን በእግር መውጣትና መውረድ አለባት። በ2002 ዓ.ም. ከ547 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በግል ዕጩ የተያዘው አንድ ብቻ እንደነበር ማስታወስ ይጠቅማል። እውነተኛው በር ፓርቲ ነው፤ ፓርቲዎች ነርስን ካላሰቡ መራጩ ስሟን በድምፅ መስጫው ላይ አያገኘውም።

ከተመረጠች በኋላ

የክልል ምክር ቤት አባላት አብዛኞቹ በመደበኛ ሥራቸው ላይ እንዳሉ ለጉባኤ የሚሰበሰቡ ናቸው። ይህ ለነርሷ ጥቅምም ጉዳትም አለው። ጥቅሙ ከታካሚ ሳትርቅ መቆየቷ ነው፤ ሐምሌ ላይ በጀት ሲጸድቅ የምትናገረው ሰኔ ላይ በዓይኗ ያየችውን ነው። ጉዳቱ ደግሞ የምትጠይቃቸው ሰዎች አለቆቿ መሆናቸው ነው። በባሕር ዳር የጤና ቢሮውን ኃላፊ በጥያቄ ያፋጠጠች ተመራጭ፣ ጃናሞራ ስትመለስ ፈቃዷን፣ ዝውውሯንና ደረጃ ዕድገቷን የሚወስኑት የዚያው መዋቅር ሰዎች ናቸው።

የምክር ቤቱ ስብጥርም ወሳኝ ነው። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ከ294ቱ ወንበሮች 188ቱን ኢሕአዴግ፣ 106ቱን ቅንጅት አሸንፈው ነበር። በ2002 እና በ2007 ሁሉም መቀመጫ የአንድ ወገን ሆነ። ሁሉም የአንድ ፓርቲ አባል በሆነበት አዳራሽ ውስጥ ጥያቄ ማንሳት የሚቻለው ጠያቂው ማንም ሊያስተባብለው የማይችል መረጃ ሲይዝ ነው። የነርሷ ብርታት የሚገኘውም እዚህ ላይ ነው።

የ2016ቱን ድርቅ እንውሰድ። በጥር ወር የእንባ ጠባቂ ተቋም በአማራ ክልል 44፣ በትግራይ 351 ሰዎች በረሃብ መሞታቸውን ይፋ አደረገ። ጃናሞራ ክፉኛ ከተጎዱት ወረዳዎች አንዷ ነበረች። በዚያ ሰሞን የነበረው ክርክር ሰዎቹን የገደላቸው ረሃብ ነው ወይስ በሽታ የሚል ነበር። የሕፃናትን ክንድ ዙሪያ በመለኪያ የምትለካ ነርስ ግን የዚህን ክርክር መልስ ከወራት በፊት ታውቀዋለች፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆኑ ክንዶች በመዝገቧ ሲበዙ መጪው ምን እንደሆነ ይገባታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። በምክር ቤቱ ውስጥ የዚያ መዝገብ ቁጥር ሰኔ ላይ ተነስቶ ቢሆን፣ ጥር ላይ ሬሳ ከመቁጠር እህል መላክ ይቻል ነበር።

መቁጠር የሚቻል መሆኑን ጎረቤት ዳባት ታሳያለች። የጎንደሩ የሕክምና ኮሌጅ በዳባት ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት የሚመዘግብ የምርምር ማዕከል አቋቁሟል። ኮሌጁ ራሱ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት፣ በደምቢያ የደረሰውን የወባ ወረርሽኝ ተከትሎ፣ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። በዚህ አካባቢ ነርስ ከመጀመሪያው የሠለጠነችው የሕዝብን ጤና በጠቅላላው እንድታይ ነው።

በሌላ አገርም ይህ መንገድ ተሄዶበታል። በዳላስ የአርበኞች ሆስፒታል 16 ዓመት የሠሩት ነርስ ኤዲ በርኒስ ጆንሰን ሥራቸውን ትተው እ.ኤ.አ. በ1972 ለቴክሳስ ግዛት ምክር ቤት ተመረጡ፤ ከ20 ዓመት በኋላ ወደ አሜሪካ ኮንግረስ የገቡ የመጀመሪያዋ ነርስ ሆኑ። በእኛ አገር ከሕክምና ወደ ፖለቲካ ሲገባ የሚታወሰው ሐኪም ነው፤ ቀዶ ሐኪሙ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ በ1984 ዓ.ም. የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅትን (መአሕድ) መመሥረታቸውን የማያውቅ የለም። ነርስ ግን እስካሁን ከጀርባ ናት።

መልካም ነርስ ሁሉ መልካም የሕዝብ እንደራሴ ይሆናል ማለት አይደለም። ርኅራኄ በጀት አያነብም፤ ከሕዝብ ያገኘችው አመኔታም በአንድ የተኮረጀ የፓርቲ ንግግር ሊባክን ይችላል። ስለዚህ ነርስ በዕጩነት ስትቀርብላችሁ ደግነቷን ብቻ አትመዝኑ። ከወረዳው በጀት ለመድኃኒት የሚተርፈው ስንት እንደሆነ፣ የቱ ጉዳይ የወረዳ፣ የቱ የክልል፣ የቱ የፌዴራል እንደሆነ፣ አለቃዋ ቅር ቢሰኝ የመዝገቧን ቁጥር በአደባባይ ትናገር እንደሆነ ጠይቋት። ፓርቲዎችም ዕጩ ስትመለምሉ ከወረዳው አስተዳደር ግቢ ወጥታችሁ ጤና ጣቢያውን እዩ።