የወረዳ ኮምፒዩተር ሲሰናከል፤ ስለ ሶፍትዌር ፈቃድና ሥርዐተ ክወናን እንደ ገና ስለ መጫን

በሐድያ ምድር የክረምቱ ዝናም ሲቃረብ የግብርና ጽሕፈት ቤት ሥራ ይበዛል። የአንሌሞ ወረዳ ከተማ በኾነችው በፎንቆም፥ እንደ ሌላው ወረዳ ኹሉ፥ ለስንዴውና ለጤፉ የሚያስፈልገው የማዳበሪያ ልክ ከየቀበሌው ይሰበሰባል፥ የገበሬዎቹም ስም በዝርዝር ይጻፋል። መብራት ድንገት ጠፍቶ በኀይል ሲመለስ ዝርዝሩን የያዘው ኮምፒዩተር አልነሣ ያለ እንደ ኾነ፥ ጕዳቱ የጽሕፈት ቤቱ ብቻ አይደለም፤ ማዳበሪያው የዘር ጊዜ ካለፈ በኋላ የሚደርሰው ገበሬ የዓመት ድካሙን ያጣል። በዚህ ጊዜ ሰው ኹሉ የሚጠይቀው «ይጠገናልን?» ብሎ ነው። ነገር ግን ከጥገናው ይልቅ ሥራውን የሚያዘገየው ብዙ ጊዜ የፈቃዱ ነገር ስለ ኾነ፥ አስተዳዳሪዎችና የጽሕፈት ቤት ኀላፊዎች ይህን አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል።

ሥርዐተ ክወና የሚባለው ኮምፒዩተሩን የሚያስነሣውና ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር ነው፤ በመሥሪያ ቤቶቻችን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘውም የማይክሮሶፍት ኩባንያ ዊንዶውስ ነው። ይህን የሚገዛ ሰው እንደ በሬ የራሱ አድርጎ አይገዛውም። ነገሩ ይልቁን የገጠር መሬት ይዞታን ይመስላል፤ ባለይዞታው ያርሳል፥ ፍሬውን ይበላል፥ ለልጁም ያወርሳል፥ መሬቱን ግን ሊሸጥ አይችልም። እንደዚሁም የሶፍትዌር ገዢ በውሉ በተጻፈው ልክ ይሠራበታል እንጂ እንደ ወደደ አያባዛውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተርን ፕሮግራም ይጠብቃል፤ በሕግ ለያዘው ሰው ግን ዋናው ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ የሚተካበት አንድ ቅጂ እንዲያስቀምጥ ይፈቅድለታል።

የፈቃዱ ዐይነት አንድ አይደለም። ከፋብሪካ ተጭኖ የሚመጣው ፈቃድ ከዚያው ኮምፒዩተር ጋራ ይኖራል፥ ከርሱም ጋራ ይሞታል። ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ በተሠሩት በብዙዎቹ ላይ የፈቃዱ ቍልፍ፥ ይኸውም 25 ፊደልና ቍጥር ያለበት ምልክት፥ ማዘርቦርድ በሚባለው በዋናው ሰሌዳ ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። ስለዚህ የተበላሸው ሃርድ ዲስኩ ብቻ ከኾነ፥ በአዲሱ ዲስክ ላይ ያው የዊንዶውስ ዐይነት ቢጫን ኮምፒዩተሩ ከኢንተርኔት ጋራ በተገናኘ ጊዜ ፈቃዱን ራሱ ያውቃል፤ ሌላ ገንዘብ አያስፈልግም። «ሆም» በነበረው ላይ «ፕሮ» ቢጭኑበት ግን አይቀበለውም፤ በዚህች ትንሽ ስሕተት ብዙ ቀን ይባክናል። የተቃጠለው ማዘርቦርዱ ከኾነ ደግሞ፥ ሠሪው ፋብሪካ በዋስትናው ካልተካው በቀር፥ መሣሪያው እንደ አዲስ ይቈጠራል፥ ፈቃዱም እንደ ገና ይገዛል። ለብቻው ከሱቅ የተገዛው ፈቃድ ከአሮጌው ተነሥቶ ወደ አዲሱ ሊዛወር ይችላል፤ ባንድ ጊዜ በሁለቱ ላይ መኖሩ ብቻ የተከለከለ ነው።

ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ለብዙ ኮምፒዩተሮች በጅምላ የሚገዙትም አለ። ከዚህ ባንዱ ዐይነት፥ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር በ180 ቀን ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰርቨር ጋራ መገናኘት አለበት። መስመሩ ከዚያ በላይ የተቋረጠበት ወረዳ ፈቃድ ሳለው ፈቃድ እንደሌለው ይቈጠራል።

ችግር ሲጸና «ክራክ» የሚባለውን ቍልፍ ሰባሪ ፕሮግራም የሚያስጭኑ አሉ። ይህን ለማስገባት ብዙ ጊዜ የቫይረስ መከላከያውን መዝጋት ግድ ይኾናል፤ ዘበኛውን አሰናብቶ የማይታወቅ እንግዳ ማሳደር ማለት ነው። የይዞታ መዝገብና የማዳበሪያ ሒሳብ ባለበት ኮምፒዩተር ላይ እንዲህ ያለውን ነገር መፍቀድ ለሹም አይገባም። ገንዘብ የሌለው መሥሪያ ቤት እንደ ኡቡንቱ ያለውን የሊኑክስ ሥርዐት ያለ ዋጋና ያለ ቍልፍ፥ በፈለገው ያህል ኮምፒዩተር ላይ ሊጭን ይችላል፤ ኾኖም የሚሠራባቸው ፕሮግራሞች በርሱ ላይ መሥራታቸው አስቀድሞ ይመርመር። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃና ዊንዶውስ 11 ብዙዎቹን አሮጌ ኮምፒዩተሮች ስለማይቀበል፥ ይህ ምርመራ ሳይውል ሳያድር ቢደረግ መልካም ነው።

ከፈቃዱም ይልቅ የሚያሳዝነው በችኮላ የሚጠፋው ሰነድ ነው። ባለሙያው «ፎርማት ይደረግ» ሲል፥ «ሲ» በሚባለው ክፍል ያለው ኹሉ ይደመሰሳል፤ ዴስክቶፕ ላይ የተቀመጠውም ደብዳቤ ብዙ ጊዜ በዚያው ክፍል ውስጥ ነው፥ ጸሓፊው ይህን ባያውቅም። ሃርድ ዲስኩ ተፈቶ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ቢገጠም ሰነዱ ብዙ ጊዜ ይተርፋልና፥ ኀላፊው ይህ ሳይሞከር የፎርማት ፈቃድ አይስጥ። ከአደጋው በፊት ግን ዝርዝሩ በየሳምንቱ በሌላ ዲስክ ተገልብጦ በቍልፍ ሣጥን ይቀመጥ፤ የፈቃዱም ዐይነትና ቍልፉ በንብረት መዝገብ ከኮምፒዩተሩ ቍጥር አጠገብ ይጻፍ።

ዊንዶውሱ ከተጫነ በኋላ አንድ ነገር ይቀራል። የግዕዝ ፊደል በአውሮጳ አቈጣጠር በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከመግባቱ አስቀድሞ፥ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፥ ደብዳቤዎች በቀድሞዎቹ የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ፊደሎች ይጻፉ ነበር። ፊደሎቹ ያልተጫኑበት ኮምፒዩተር እነዚህን ሰነዶች የላቲን ፊደልና ልዩ ልዩ ምልክት አድርጎ ያሳያል፤ ሰነዱ ግን አልጠፋም፥ ፊደሉ ሲጫን ተመልሶ ይነበባል። ስለዚህ ባለሙያው ዋጋውን ተቀብሎ ከመኼዱ በፊት ከቈዩት ደብዳቤዎች አንዱ በፊቱ ተከፍቶ ይነበብ።