የገንቢ ምግብ ትምህርትና የልብ ጤና

በክፍል ውስጥ ስለ ገንቢ ምግብ ሲነገር ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ይቀድማሉ፤ ሽሮ በመጨረሻ ይጠቀሳል፣ አለዚያም ይዘነጋል። ከዚህም የተነሣ ሽሮ በልቶ የመጣ ተማሪ ምግቡን ይንቃል። ይህ አስተሳሰብ ሊታረም ይገባዋል።

የዓለም ጤና ድርጅትና ተባባሪዎቹ በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጡት ዘገባ መሠረት ለአንድ ጤነኛ ጎልማሳ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.83 ግራም ፕሮቲን ይበቃዋል፤ ይኸውም 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 50 ግራም ያህል ነው። መቶ ግራም ደረቅ ምስር 25 ግራም ገደማ ይሰጣል። የእህል ፕሮቲን ላይሲን፣ የጥራጥሬው ደግሞ ሜቲዮኒን ስለሚያንሰው እንጀራና ሽሮ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላሉ።

ልብን በሚመለከት ከፕሮቲኑ ጋር አብሮ የሚገባውም መታየት አለበት። በጮማና በቅቤ ውስጥ ያለው፣ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው ቅባት ጎጂውን ኮሌስትሮል በደም ውስጥ ያበዛል፤ ይህም በደም ቧንቧ ግድግዳ ላይ እየተጠራቀመ መተላለፊያውን ያጠባል። የጥራጥሬ ቅባት ግን ጥቂት፣ አሰሩ ብዙ ነው። ጨው ከበዛበት ግን የደም ግፊትን ስለሚያስከትል ጥቅሙ ይጓደላል።

ይህ ሲባል መምህሩ ሥጋንና ወተትን ያውግዝ ማለት አይደለም፤ በማደግ ላይ ያለ ሕፃን እንቁላልና ወተት ቢያገኝ እጅግ ይጠቀማል። የትምህርቱ ዓላማ ተማሪው በቤቱ ያለውን ምግብ ዋጋ ዐውቆ እንዲመርጥ ማስቻል ነው።