ትንሿ መርከብ ትልቋን ጎተተች

መኪና መንገድ ላይ ቢበላሽብን ወርደን በእግር እንሄዳለን። መርከብ በባሕር መካከል ብትበላሽስ?

የካቲት 19 ቀን 2004 ዓ.ም. ኮስታ አሌግራ የተባለች የኢጣሊያ መርከብ አገር ጎብኚዎችን ይዛ ከማዳጋስካር ወደ ሲሸልስ ስትጓዝ እሳት ተነሣባት። ሠራተኞቿ እሳቱን አጠፉት። ሞተሯ ግን ቆመ፤ መብራቷም ጠፋ። ከ1000 በላይ ሰዎች በሕንድ ውቅያኖስ መካከል በጨለማ ቀሩ።

የደረሰችላቸው የፈረንሳይ ዓሣ አጥማጅ መርከብ ናት። ቁመቷ የዚያችን ግማሽ ቢያህል ነው። ግን በወፍራም ገመድ አስራ፣ ቀስ እያለች ጎተተቻት። ሄሊኮፕተርም ምግብና የእጅ ባትሪ አመጣላቸው። የካቲት 22 ቀን ከሲሸልስ ወደብ ደረሱ። አንድም ሰው አልሞተም።

እንግዲህ እኛም እንላለን፤ የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው።